ቤተ ክርስቲያን ኬሚስትሪ ታስተምር

አማኑኤል ሰፈር ለሚውል ሰው ኬሚስትሪ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እጣን ይጤሳል፤ ስሙን የሚጋራው የአእምሮ ሆስፒታል በየቀኑ መድኃኒት ያድላል፤ ወደ መርካቶ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳና የሳሙና ኬሚካል በኪሎ ይሸጣል። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ እቤታቸው ላርጎና በረኪና አዘጋጅተው እየሸጡ የሚያድሩ እናቶችና ወጣቶች ናቸው። በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚያቃጥል ክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ ስንቶቹ ያውቁ ይሆን?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤተ ክርስቲያናት ዩኒቨርሲቲ መክፈት ይዘዋል። የኦርቶዶክሱ ቅድስት ሥላሴ ከኮሌጅነት ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል፤ ካቶሊኮችም በቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። መልካም ነው። ሥነ መለኮትና ማኔጅመንት ብቻ ግን አይበቃም፤ ኬሚስትሪም ይግባ እላለሁ።

«ሳይንስ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ሰው ታሪካችንን ዘንግቷል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር የተባረሩት የካቶሊክ ካህናት፣ ጄስዊቶች፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ተመልሰዋል። የመጡት ካናዳውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ በ1950 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አራት ኪሎ ላይ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሉሲየን ማት ካህን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ታዲያ የዋዛ አልነበሩም፤ ቀሚሳችሁን አውልቁ፣ ሃይማኖታችሁንም አትስበኩ አሏቸው። ካህናቱ በሱፍና በከረባት ክፍል ገብተው አስተማሩ። አስመራ ላይም በ1958 ዩኒቨርሲቲውን የጀመሩት የካቶሊክ ኮምቦኒ መነኮሳይት ናቸው።

የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሲባል ታዲያ ምን ማለት ነው? በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ጥቅስ መለጠፍ ከሆነ ይቅርብን። ኬሚስቱ ሮበርት ቦይል ለክርስትና መሟገቻ የሚሆን ገንዘብ በኑዛዜው እስከ መተው የደረሰ አማኝ ነበር፤ የጋዝ ሕጉ ግን አማኝና ኢአማኒ አይለይም።

ልዩነቱ መታየት ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ታይትሬሽን የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ተማሪው ከቡሬቱ ቤዙን ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ አሲዱ ይጨምራል፤ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ቀለም ስትመጣ ማቆም አለበት። ሐሳቡ ይበተንና ሁለት ጠብታ ያልፈዋል፤ ፍላስኩ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። እንደገና ለመሥራት ሰዓቱ ሄዷል፣ ኬሚካሉም ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ጎን ለጎን ከቆመው ጓደኛው ደብተር 23.4 ሚሊ ሊትር የሚለውን ያይና ይገለብጣል። መምህሩም የሚፈልገው «ትክክለኛውን» ቁጥር ስለሆነ ሙሉ ማርክ ይሰጣል። ያ ልጅ ነገ መድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ይቀጠራል። አትዋሽ የሚለው ትእዛዝ የሚፈተነው እዚች ደብተር ላይ ነው። «አሳልፌዋለሁ» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ማርክ የሚሰጥ ተቋም ካለ፣ ለእኔ ክርስቲያናዊ የሚባለው እሱ ነው።

ፈተናው ግን ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ለአባቶችም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። የቤተ ክርስቲያኗ ተመራማሪ የአንድ ጠበል ምንጭ ለክቶ ከልክ በላይ ቢያገኝ ውጤቱን እንዲያሳትም ይፈቀድለታል? ካልተፈቀደለት ያ ቤት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። መፍቀድ እንደሚቻል ግን ምልክት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረዋል። የብዙ ሰው ሕይወት የሚነካ ቃል ነበር።

የምርምር ርእስ ከሆነ ደጃችን ላይ ሞልቷል። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ እጣንና ከርቤያችንን በላቦራቶሪ መርምረዋል፤ የሰሜኑ እጣን ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ኦክቲል አሲቴት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ፣ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለበሽታው መከላከያ በር ከፈተ።

ሕጉም ቢሆን መንገዱን ያመለክታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ስብከቱ ለጸሎት ቤት፣ ላቦራቶሪው ለኬሚስትሪ ከተተወ ሁለቱ አይጋጩም። ጄስዊቶቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የሚያስቸግረው ገንዘቡ ነው። አካውንቲንግ ነጭ ሰሌዳና ወንበር ይበቃዋል፤ ኬሚስትሪ ፊውም ሁድ፣ ሚዛን፣ የተጣራ ውሃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ ይፈልጋል። አትራፊ ኮሌጅ ለዚህ አይደፍርም። ተማሪም በሽ በሽ አይደለም፤ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ያለፉት በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ትርፍ የማያሰሉ፣ መሬትና ምእመንም ያላቸው እነማን ናቸው?

ስለዚህ አባቶች፣ ፓስተሮች፣ የቦርድ አባላት፦ ለሚቀጥለው ሕንፃ መዋጮ ስትጠይቁ አንዱን ፎቅ ለላቦራቶሪ መድቡ። ቅዳሜ ቅዳሜም በሩን ክፈቱትና የመርካቶ ላርጎ አምራቾች ኮስቲክ ሶዳ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ኮስቲክ ሶዳ እንደማይጨመር ገብተው ይማሩበት።