ያልተመሰከረለት ማሻሻያ
መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ፣ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወሰዱ። ባንኩ መንሥኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ መሆኑን ገለጸ፤ ገንዘቡን ያልመለሱትንም ስም በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ይህ ገንዘብ ያስመልስ ይሆናል፤ የማሻሻያውን ጉድለት ግን አያርምም።

ከመሠራጨት በፊት መፈተሽ ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አይደለም፤ በጋይንት ቤተ ልሔም ያልተመሰከረለት የድጓ ተማሪ ሙሉ መምህር አይባልም። ማሻሻያም እንዲሁ በቅድሚያ በዋናው ሲስተም ቅጂ ላይ ይፈተን፤ ቀጥሎ በጥቂት ሒሳቦች ይሞከር፤ ወደ ቀድሞው መመለሻም ይዘጋጅለት። የፍተሻው መዝገብ ለተመራማሪዎች ይከፈት፤ ደንበኛው ስለ ወሰደው ገንዘብ ከተጠየቀ፣ ማሻሻያውን ያጸደቀውም ስለ ፍተሻው ሊጠየቅ ይገባልና።