ነጋዴ የለያየውን ጆሮ ያገናኘዋል

ሰው የማያውቀውን ነገር ሁለት ጊዜ ይበድለዋል። መጀመሪያ ሳይሰማው ይንቀዋል፤ ከዚያም ስለ ናቀው ሊሰማው አይፈቅድም። አሜሪካኖች «ካንትሪ» ብለው የሚጠሩት የገጠር ዘፈን፥ ከእርሱም ጋራ «ሩትስ ሮክ» የሚባለው፥ ወደ ጥንት ሥሩ ተመልሶ የሚቀዳው የሮክ ሙዚቃ፥ እንዲህ ያለ በደል ሲደርስባቸው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ በነዚህ ሁለት የሙዚቃ ዓይነቶች ላይ የሚሰጠውን ፍርድ መርምረን፥ የተዛባ ፍርድ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሾቹ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተምረናል የሚሉት ናቸው፤ እነርሱም፥ «ይህ የከብት ጠባቂ እንጉርጉሮ ነው፤ ኮርዱ ከሦስት አያልፍም፤ የሚያወራውም ስለ መጠጥ፥ ስለ ባቡርና ባሏን ጥላ ስለ ሄደች ሚስት ብቻ ነው» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ፥ «ይህ የነጮች ሙዚቃ ነው፤ ጥቁር ሰው በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?» የሚሉት ናቸው። ከነዚህም አንዳንዱ ይህን የሚናገረው በኩራት፥ አንዳንዱም በቂም ነው፤ ስሕተቱ ግን አንድ ነው። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ በትውልዱ የጥቁሩም የነጩም ነው፤ የአንድ ወገን ብቻ ያስመሰለው ነጋዴ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ሙዚቃውን ቢሰማው እንኳ ግማሹን ብቻ ይሰማል።

ማስረጃችንን ከመሣሪያው እንጀምር። ካንትሪ ሲባል አስቀድሞ በጆሮ የሚያቃጭለው ባንጆ ነው። ለመሆኑ ባንጆ ከወዴት መጣ? በምዕራብ አፍሪቃ፥ በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የሚኖሩት የጆላ ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ አካሉ ከቅል የተሠራ፥ ቆዳ የተወጠረበት፥ ከረጃጅሞቹ አውታሮች ጋራ አንዲት አጭር አውታር ያለችው ነው። በባርነት ተግዘው አትላንቲክን የተሻገሩት አፍሪቃውያን እንዲህ ያለውን መሣሪያ በእጃቸው ለመያዝ ባይፈቀድላቸው በልባቸው ይዘውት ሄዱ፤ በካሪቢያን ደሴቶችና በሰሜን አሜሪካ እርሻዎችም ከአገሩ ቅል እንደገና ሠሩት። ባንጆ በነጮች ዘንድ በሰፊው የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያውም ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሩ ሰው በሚያላግጡበት መድረክ ላይ። ቫዮሊኑ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ስደተኞች ጋራ መጣ፤ ነገር ግን በባርነቱ ዘመን በጌቶች ግብዣ ላይ ለጭፈራ የሚመታው ብዙ ጊዜ ጥቁር ባሪያ ነበር። የሚያለቅስ የሚመስለው ስቲል ጊታር ከሃዋይ ደሴቶች መጣ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መካከል የአንድ ዘር ብቻ የሆነ የትኛው ነው?

መለያየቱ የመጣው ከመደብር ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ገበያቸውን ለሁለት ከፈሉት። ጥቁሮች የዘፈኑትን «ሬስ ሬከርድስ»፥ ማለት የዘር ሸክላዎች አሉት፤ የደቡብ ገጠር ነጮች የዘፈኑት ደግሞ «ሂልቢሊ» በሚል ስም ተጠራ፤ ትርጓሜውም ከተራራ የወረደ ባላገር እንደ ማለት፥ ንቀት ያለበት ቃል ነው። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ከ14000፥ ሁለተኛውን ከ15000 በሚነሣ ተራ ቁጥር ይመዘግበው ነበር። በመንደራቸው አንዱ ከሌላው ዜማ ሲማሩ የኖሩት ሰዎች በመዝገብ ላይ የቁጥር አጥር ተተከለባቸው። የሚያስገርመው ደግሞ በሁለቱም ገበያ ላይ እጁ የነበረበት አንድ ሰው መሆኑ ነው። በ1920 ጥቁሯ ዘፋኝ ማሚ ስሚዝ «ክሬዚ ብሉስ» የተባለውን ዘፈን ስታስቀርጽ፥ ራልፍ ፒር በዚያው ኦኬ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1923 ደግሞ አትላንታ ሄዶ ፊድሊን ጆን ካርሰን የተባለውን ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ቀረጸ። አንድ ነጋዴ በቀኝ እጁ አንዱን መደርደሪያ፥ በግራ እጁ ሌላውን ሞላ።

መደርደሪያው ከዜማው ጋራ ምን ያህል የማይገናኝ እንደ ነበረ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሚሲሲፒ ሺክስ የተባሉት ጥቁር ሙዚቀኞች «ሲቲንግ ኦን ቶፕ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን በ1930 በቫዮሊንና በጊታር ሲያስቀርጹት ከዘር ሸክላዎች ጋራ ተቀመጠ። ይኸው ዘፈን በ1935 በቦብ ዊልስ፥ በ1957 በቢል ሞንሮ ሲዘፈን የነጮች የገጠር ሙዚቃ ተባለ። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው የዘፋኙ ቆዳ ነው።

በ1927 ይኸው ራልፍ ፒር ቴኔሲና ቨርጂንያ በሚዋሰኑበት በብሪስቶል ከተማ ማሽኑን ተክሎ የካርተር ቤተ ሰብንና ጂሚ ሮጀርስን ቀረጸ። ብዙ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ የካንትሪ ልደት ይሉታል። ይሁን፤ ነገር ግን ልደት ከተባለ ወላጆች ሁሉ ይጻፉ እንላለን። ኤ. ፒ. ካርተር በተራራው አገር እየዞረ ዘፈን ሲለቅም አብሮት ይሄድ የነበረው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታር መቺ ነው። ይህ ሰው በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ ደርሶበት እግሩን ያጣ ነበር። ካርተር ግጥሙን በወረቀት ሲጽፍ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይይዝ ነበር፤ ሜይቤል ካርተርም ከአመታቱ ተምራለች። ዘፈኖቹ ግን በካርተር ስም ተመዘገቡ። ጂሚ ሮጀርስ በ1930 በሎስ አንጀለስ አንድ ዘፈን ሲያስቀርጽ ጥሩምባውን የነፋለት ሉዊ አርምስትሮንግ፥ ፒያኖውን የመታችለትም ሚስቱ ሊል ነበረች፤ ሸክላው ሲወጣ የአርምስትሮንግ ስም አልነበረበትም። ሃንክ ዊልያምስም በአላባማ በልጅነቱ ጊታር የተማረው ሩፈስ ፔይን ከተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነው። እንግዲህ ሦስቱም የካንትሪ ምሰሶዎች የቆሙት ስማቸው ባልተጻፈላቸው ሰዎች ትከሻ አጠገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የዲፎርድ ቤይሊ ታሪክ ነው። በናሽቪል ከተማ በ1925 የተጀመረውና በኋላ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለው የራዲዮ ፕሮግራም ካንትሪን በአሜሪካ ሁሉ ያሰራጨ ነው። ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዝነኞች አንዱ ይህ ጥቁር አርሞኒካ ነፊ ነበር። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ሰውነቱ ኰስሶ ቀርቷል፤ በአርሞኒካው ግን የባቡርን ጕዞና ጩኸት ባቡሩ ራሱ የመጣ እስኪመስል ድረስ ያሰማ ነበር። በራዲዮ የሚሰማው ሕዝብ ቀለሙን አላየም፤ ጆሮውም አልተቆጣም። ከጓደኞቹ ጋራ በየከተማው ለትርኢት ሲዞር ግን የሆቴሉና የምግብ ቤቱ በር ይዘጋበት ነበር። በ1941 ከፕሮግራሙ ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ በዚያችው በናሽቪል የሰው ጫማ እየጠረገ ኖረ። በ1982 ሞተ፤ የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙን የተቀበለው በ2005፥ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። «ይህ የነጮች ሙዚቃ ነው» የሚል ሰው፥ በኩራትም ይናገረው በቂም፥ ቤይሊን ሁለተኛ ጊዜ ከሥራው ያሰናብተዋል።

እዚህ ላይ፥ «ይህ ሙዚቃ ለዘር ልዩነት አራማጆች መሣሪያ ሆኖ አላገለገለምን?» የሚለን ይኖራል። አገልግሏል። ሄንሪ ፎርድ በ1920ዎቹ ዓመታት ጃዝን ጠልቶ፥ በገንዘቡ የድሮ ጭፈራና የቫዮሊን ውድድር ያስፋፋ ነበር። ጥቁሮችን ከነጮች የሚለየውን ሕግ ሲከላከል የነበረው የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስም ለምርጫ ሲወዳደር የካንትሪ ሙዚቀኞችን በመድረኩ ላይ ያሰልፍ ነበር። ይህን አንክድም። ነገር ግን ሌባ በሰረቀው በሬ ቢያርስ በሬው የሌባው አይሆንም። ሙዚቃውን ለነርሱ ትቶ መሄድ ስርቆቱን ማጽደቅ ነው።

ጥቁሩ ሙዚቀኛ ራሱ ትቶላቸው አልሄደም። ዓይነ ስውሩ ሬይ ቻርልስ በልጅነቱ ቅዳሜ ማታ ኦፕሪን በራዲዮ ይሰማ ነበር። በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በራሱ ድምፅና በራሱ አደራደር አስቀርጾ አንድ ሙሉ ሸክላ ሲያወጣ፥ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ የወጣው ቻርሊ ፕራይድም በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ አዝናኝ ብሎ ሸለመው።

የሮክ ሙዚቃም ከዚሁ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ነው። ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1954 በሜምፊስ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ በአንደኛው ፊቱ የጥቁሩን የአርተር ክሩደፕን ብሉስ፥ በሁለተኛው ፊቱ የነጩን የቢል ሞንሮን የገጠር ዘፈን የያዘ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥቁሩ ቸክ ቤሪ «አይዳ ሬድ» ከተባለው ከድሮ የቫዮሊን ዘፈን ተነሥቶ «ሜይቤሊን»ን ሠራ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሮክ ሙዚቃ በጩኸትና በማሽን ብልሃት ሲወሳሰብ፥ አንዳንድ ወጣቶች ወደ ምንጩ ተመለሱ። ዘ ባንድ የተባሉት አራት ካናዳውያንና አንድ የአርካንሶ ሰው በ1968 «ሚውዚክ ፍሮም ቢግ ፒንክ» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ በዚያ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፥ ብሉስና የገጠር ዘፈን በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ፤ ሦስት ድምፆችም እንደ ወንድማማቾች ቃል እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ሩትስ ሮክ የሚባለው ይህ ነው፤ የሁለቱ መደርደሪያዎች አጥር የፈረሰበት ሙዚቃ።

አጥሩ ግን እስከ ዘመናችን ድረስ ጠባቂ አላጣም። በ2019 ሊል ናስ ኤክስ የተባለው ጥቁር ወጣት ያወጣው «ኦልድ ታውን ሮድ» ቢልቦርድ ከተባለው መጽሔት የካንትሪ ሠንጠረዥ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም የካንትሪ ጠባይ ይጐድለዋል የሚል ነበር። ዘፈኑ ግን በአጠቃላዩ ሠንጠረዥ ለ19 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ2024 ቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» የተባለውን አልበም ስታወጣ፥ የካንትሪ እንግዳ ናት የሚሉ ድምፆች እንደገና ተሰሙ። በአልበሙ ውስጥ «ቴክሳስ ሆልድ ኤም» በተባለው ዘፈን ባንጆውን የመታችው ሪያነን ጊደንስ ናት፤ እርሷም ጥበቡን የተማረችው ጆ ቶምፕሰን ከተባለ ከሰሜን ካሮላይና ጥቁር ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች እግር ሥር ተቀምጣ ነው። ባንጆ የአያቶቿ መሣሪያ ለሆነች ሴት «እንግዳ ነሽ» ማለት ምን የሚሉት ዳኝነት ነው? አልበሙ በ2025 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበምና የምርጥ ካንትሪ አልበም ሽልማቶች ተቀበለ።

አሁን «ኮርዱ ሦስት ነው» ለሚሉት እንመልስ። ማሲንቆ አንዲት ጭራ ብቻ አላት ብሎ አዝማሪን የሚንቅ ሰው ንቀቱ ስለ ራሱ ጆሮ ይናገራል። ሜይቤል ካርተር በአውራ ጣቷ ዜማውን በወፋፍራሞቹ አውታሮች ላይ ስታወጣ፥ በሌላው ጣቷ ምቱን በቀጫጭኖቹ ላይ ትጠርጋለች፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊታር የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። ሃንክ ዊልያምስ በ29 ዓመቱ፥ በ1953 የመጀመሪያ ቀን፥ ወደ ትርኢት በሚጓዝበት መኪና ውስጥ ሞተ፤ ብቸኝነትን ግን ማንም ሰው እንዲገባው አድርጎ በጥቂት ቃል የሚናገር ዘፈን ትቶ ሄደ። ጆኒ ካሽ በጥር 1968 በካሊፎርኒያ ፎልሰም እስር ቤት ገብቶ ለእስረኞች ዘፈነ፤ በሸክላው ላይ የሚሰማው የእስረኞቹ ጩኸት የተማረ ሰው ጭብጨባ አይደለም፤ ስሙን የጠራለት ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እንደሚባለው፥ ይህን ዘፈን የሚንቁት ዜማውን መዝነው አይደለም፤ ገበሬውን፥ ማዕድን ቈፋሪውን፥ የባቡር ሠራተኛውን አስቀድመው ስለ ናቁ ነው።

ስለዚህ ይህን ሙዚቃ ሊያውቅ ለሚወድ አንባቢ፥ ይልቁንም ለመምህራንና ለተማሪዎች፥ የምንመክረው አንድ ነገር ነው። ሁለት ሁለት እያደረጉ ይስሙ። ሚሲሲፒ ሺክስን ከቢል ሞንሮ ጋራ፥ አርተር ክሩደፕን ከፕሬስሊ ጋራ፥ ዲፎርድ ቤይሊን ከጂሚ ሮጀርስ ጋራ፥ የካርተር ቤተ ሰብን ከሪያነን ጊደንስ ጋራ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይስሙ። በሸክላው ላይ ማን ተጻፈ? ማንስ ሳይጻፍ ቀረ? ብለው ይጠይቁ። እንዲህ ሲያደርጉ ደስታው አይቀንስም፤ እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ያልታወቀው ሰው ስም በተጠራ ቍጥር በዘፈኑ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ይሰማል። ነጋዴው መደርደሪያውን ለገንዘቡ ሲል ሠርቶታል፤ እርሱም ሞቶ ሸክላው ከተሰበረ ቈይቷል። በመደርደሪያው እየተመሩ የመስማት ግዴታ ግን በማንም ላይ የለም።