ቆላ ላይ ክትባት በብርድ ሲበላሽ

በመጋቢትና በሚያዝያ በሱዳኗ ገዳሪፍም ከድንበሩ ወዲህ ባለችው መተማም ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። በዚህ አገር ክትባት ተበላሸ ሲባል ሁሉም ሰው ፀሐይዋን ይከሳል። እኔ ግን መተማ ላይ የክትባት ፍሪጅ እየጠበቅሁ ዓመታት የቆየሁ ነርስ ነኝ፤ ሙቀቱን ፈርተን የምንጨምረውን በረዶ ከሙቀቱ ባልተናነሰ እፈራዋለሁ።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። አብዛኞቻችን ዓይናችን 8 ላይ ነው፤ 2ን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ሙቀት ይጎዳዋል እንጂ በረዶ ቢሠራ ምንም አይሆንም። ከአምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የማሕፀን በር ካንሰር ክትባቶች ግን አንዴ በረዶ ከሠሩ አበቃላቸው። ውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ጨው ተቋጥሮ ይዘቅጣል፤ በረዶው ቢቀልጥም ወደ ነበረበት አይመለስም። በብልቃጡ ላይ ተለጥፎ በሙቀት እየጠቆረ የሚሄደው ምልክት ደግሞ ስለ ብርድ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ በረዶ የነካው ፔንታ ምልክቱ ሳይጠቁር፣ ደህና መስሎ ሕፃኑ ጭን ላይ ይወጋል። የእናቲቱ ካርድ ይሞላል፤ ልጁ ግን የሚጠብቀው ነገር አላገኘም።

አንድ ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ በክትባት ሳጥን ተመልሶ የመጣ የመንጋጋ ቆልፍ ብልቃጥ አጠራጠረኝ። ከዚያው ምድብ ሌላ ብልቃጥ አወጣሁና ሆን ብዬ ድርቅ እስኪል በረዶ አደረግሁት፤ ከዚያ አቀለጥሁት። ሁለቱን በአንድ እጄ ይዤ በደንብ ነቀነቅኋቸውና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆምኋቸው። ደህና የሆነ ክትባት እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል። ሆን ብዬ ያበላሸሁት ከላይ እየጠራ ከሥር ፍርፋሪ ዘቀጠበት። የተጠራጠርሁትም ተከትሎት ጠራ። በዚያ ሳጥን ውስጥ የነበረውን ክትባት ሁሉ አስወገድን። ይዛው የሄደችው ልጅ በረዶውን ከፍሪዘር አውጥታ በቀጥታ ነበር የከተተችው፤ መንገዱ ረጅም፣ ቀኑ ቃጠሎ ስለነበረ ክትባቱን ላድን ብላ ነው። አልፈርድባትም። ደንቡ ውኃ የያዘው የበረዶ ጥቅል ከፍሪዘር ወጥቶ እስኪያልበው፣ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ይቆይ ይላል። ጎህ ሲቀድ፣ ሞተር ሳይክሉ ተነሥቶ ነጂው «ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣ» እያለ ሲጠብቅ፣ ያቺ ጥቂት ጊዜ በጣም ትረዝማለች።

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ግምገማ፣ ከተመረመሩት ፍሪጆችና ጭነቶች ከ14 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ክትባትን በረዶ ለሚያሠራ ቅዝቃዜ ያጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ችግሩ እኛ ዘንድ የሚከብደው ድንበሩ ሰላም ስለማያውቅ ነው፤ ስደትና ወረርሽኝ አብረው ሲመጡ የሚሠራ ክትባት ግድ ይላል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያሰደዳቸው ወገኖቻችን ምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ውስጥ ሲታጎሩ ኩፍኝ ሕፃናቱን ጨርሷቸዋል። በኅዳር 2013 ደግሞ በሐምዳይት ድንበር በኩል ሌላ ስደተኛ ወደ ሱዳን ገባ፤ የኡም ራኩባ ካምፕ እንደገና ሞላ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሰው በተራው ወደ እኛ፣ በሱዳኗ ጋላባት አድርጎ ወደ ድንበር ከተማችን መተማ ዮሐንስ ጎረፈ። በዚያው ሰሞን ደቡብ ዳርፉር ውስጥ በዝርፊያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የፖሊዮ ክትባት መውደሙን ዩኒሴፍ አስታወቀ። መስከረም 2016 ገዳሪፍ ላይ ኮሌራ ታወጀ፤ ኅዳር ላይ በገዳሪፍና በጀዚራ ግዛቶች የኮሌራ ክትባት ዘመቻ ተጀመረ። እሱም በረዶ የማይችል ክትባት ነው።

ከድንበሩ ማዶ የምትመጣ እናት ልጇን አዝላ የዐረብኛ ካርድ ትሰጠኛለች። «ሲስተር፣ ይኸ ጨርሷል ወይስ ይቀረዋል?» ትለኛለች። ካርዱ ሦስተኛውን ፔንታ መውሰዱን ይነግረኛል። ብልቃጡ በየትኛው ሳጥን፣ ከምን ዓይነት በረዶ ጋር እንደተጓዘ ግን የሚነግረኝ የለም። ፔንታውን ጨርሷል እላታለሁ፤ ሌላ ማለት አልችልም።

መፍትሔው ተሠርቶ ያለቀ ነው። በረዶውንና ክትባቱን የሚለይ ግድግዳ ያለው፣ በረዶው ከፍሪዘር በቀጥታ ቢገባ እንኳ ክትባቱን በረዶ የማያደርግ የክትባት ሳጥን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ፈትሾ ተቀብሎታል። ከአሮጌው ይወደዳል፤ ትንሽም ይከብዳል። ግን የነርሷን ጥድፊያ ይችላል። ሞተር ሳይክል በሚጠብቅበት አገር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። እንደ ቆላው የሚያስፈልገው ቦታም የለም፤ በረዶ በብዛት የሚጫነው እዚህ ነውና።

ሌላም አለ። ብልቃጥ የጣለች ነርስ ለምን አባከንሽ ተብላ ትጠየቃለች። የተበላሸውን የወጋች ግን አትጠየቅም፤ ሪፖርቷ ያማረ ነው። ይህ ስሌት እስካልተገለበጠ ድረስ ማንም ብልቃጥ ነቅንቆ አይፈትሽም።

ስለዚህ በመተማም በገዳሪፍም በኩል ለምትሠሩ ረጂ ድርጅቶች፣ ለክልላችን ጤና ቢሮም ጭምር የምለው ይህ ነው። ቀጣዩን የሳጥን ግዥ ስትፈርሙ ብርድ የሚከላከለውን ግዙ፤ መጀመሪያም ለድንበር ወረዳዎች ስጡ። የተጠራጠረችውን ብልቃጥ ፈትሻ የጣለችውን ነርስ ደግሞ አመስግኑልን እንጂ አትቅጧት።