ቦስተን ሴልቲክስ፦ 2018 ዓ.ም ዘር የማቆያ ዘመን ነበር
በሰኔ 2016 ዓ.ም 18ኛውን የኤንቢኤ ዋንጫ ያነሳው ቦስተን ሴልቲክስ የ2018 ዓ.ም የውድድር ዘመንን የጀመረው ሳስቶ ነበር። ኮከቡ ጄይሰን ቴተም ግንቦት 2017 ዓ.ም ከኒውዮርክ ኒክስ ጋር በተደረገው ጨዋታ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሷል። ክለቡም ከጣሪያ ባለፈ የተጫዋቾች ደመወዝ ላይ የሚጣለውን ከባድ ግብር ለማቃለል ጁሩ ሆሊደይን ለፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለአትላንታ አሳልፎ ሰጥቷል። አል ሆርፎርድና ሉክ ኮርኔትም ለቅቀዋል።

በሆሊደይ ምትክ የመጣው አንፈርኒ ሳይመንስ ነጥብ በማስቆጠር ቢታወቅም፣ ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች በቅርጫቱ ሥር የተዉትን ክፍተት የሚሞላ አልነበረም። ሸክሙ በጄይለን ብራውንና በዴሪክ ኋይት ትከሻ ላይ አርፎ ነበር።

ስለዚህ የዚያ ዘመን መመዘኛ ዋንጫ ሊሆን አይገባም ነበር፤ ቴተም አገግሞ ሲመለስ የሚደገፍበት ቡድን ማግኘቱ ነበር።