ለተቆረጠ ፍራፍሬ ከሽፋኑ በፊት ንጹህ ውኃ

ከደጀን በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው መንገድ ላይ በሚገኙት የቢቸናና የሞጣ ከተሞች፣ ከቆላው የሚመጣ ማንጎና ፓፓያ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ አይቆይም። ገጹ ይደርቃል፤ አየር ሲያገኘውም መልኩ ይለወጣል።

ለዚህ ችግር በአማራጭነት ከሚቀርቡት አንዱ ከግራር ሙጫ ወይም ከእሬት ዝልግልግ ተዘጋጅቶ ከፍሬው ጋር የሚበላ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን፣ አየርም እንደልብ እንዳይገባ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ሙጫን ወደ ውጭ የምትልክ አገር በመሆኗ ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ አይጠበቅም። በእሬት በኩል ግን ተቅማጥ የሚያመጣው መራራ ቢጫ ፈሳሽ አስቀድሞ መወገድ ይኖርበታል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም ባሳተሙት ጥናት በንብ ሰምና በካይቶሳን የተሸፈነ ማንጎ ካልተሸፈነው የተሻለ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ይሁንና ጥናቱ የሚመለከተው ያልተቆረጠውን ፍሬ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልጣጩ የተነሳለት ፍሬ ለተህዋስያን የተጋለጠ ሲሆን፣ ሽፋኑ በቢላዋና በውኃ የገባውን ብክለት አያጠራም። እንዲያውም ፍሬው ትኩስ መስሎ እንዲታይ በማድረግ ገዢውን ሊያዘናጋ ይችላል።

በመሆኑም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን በየደረጃው የሚያስፈጽሙ አካላት ሽፋኑን ከማስተዋወቃቸው በፊት የመቁረጫ ቦታዎችን ውኃና ንጽሕና ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። እስከዚያው ሙከራው ባልተቆረጠው ማንጎ ቢጀመር ይመረጣል፤ ለጧፍ የሚውለው ሰም በጎጃም ከእጅ የራቀ አይደለም።