ለአርሰናል የበቃ ሸራ ለማህሙድ አነሰ?

የበይ ተመልካች መሆን ክፉ ነው ይባላል። በሙዚቃ ድግስ ረገድ ግን የመሐል ሜዳ ሰው ተመልካችነቱንም ተነፍጓል። የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ማህሙድ አህመድ የስንብት ኮንሰርቱን በሚሊኒየም አዳራሽ አቀረበ። ከሊስትሮነት ተነሥቶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በኩል የአገር ድምፅ ለመሆን የበቃ ሰው ሲሰናበት፣ ስንብቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ይሁንና ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ፣ በሞላሌና በመዘዞ ጣርማበር ደርሶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ቦሌ የሚገባ አድናቂ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ትኬቱ፣ አልጋው፣ ምግቡና የደርሶ መልስ መሳፈሪያው ሲደመር ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ገበሬ የማይታሰብ ነው። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው ጦርነት መንገዱን ከኪስም አልፎ የሕይወት ጉዳይ አድርጎታል። ታዲያ ለዚህ ሰው «በሩ ክፍት ነው፤ መምጣት ነበር» ማለት ፌዝ ካልሆነ ምንድን ነው?

የምለው አጭር ነው። በመዲናዋ ትልቅ ኮንሰርት ሲካሄድ፣ በዚያው ሰዓት በየከተማው አዳራሽና ሲኒማ ቤት በሸራ ይታይ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ማብቂያ ጀምሮ ትርኢቶቹን በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲልክ ኖሯል። ቢ ቲ ኤስ የተባለው የኮርያ ቡድን በማርች 2022 ሴኡል ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ከ70 በላይ በሆኑ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ታይቷል።

«ያ የሠለጠነው ዓለም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ልውሰደው። በየትንሹ ከተማችን ወጣቱ ብር ከፍሎ፣ በአግዳሚ ላይ ተፋፍጎ፣ ለንደን ላይ በዚያች ደቂቃ ለገባች ጎል ጣራ እስኪነሣ ይጮሃል። ዲሹ አለ፤ ሸራው አለ፤ ከፋዩም አለ። መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ይነሣል። ለአርሰናል የሚነሣው ጀነሬተር ለማህሙድ ሲሆን ቤንዚን ያልቅበታል?

ሦስት ዓይነት ተቃዋሚዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ሸራ መድረክን አይተካም» ይላል። ይተካል ያለው ማን ነው? መንዝ ላይ ምርጫው በሸራና በመድረክ መካከል አይደለም፤ በሸራና በባዶ መካከል ነው። ሮሃ ባንድን እናስብ። በ1970ዎቹ ስንቱን ካሴት ያጀበ ባንድ ነው። የሰላም ሥዩምን ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ባላገሩ በጆሮው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ሲጫወቱ ግን ጣቶቻቸውን አላየም። ዕድሜ ልኩን የወደደውን ባንድ በዓይኑ ለማየት በቅቶ ቢሆን፣ ሸራ ነው ብሎ ይንቀው ነበር? በ1980 ዓ.ም. ባሕር ማዶ የዞረውን የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ትርኢትም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከተቀረጸው ምስል ነው። ምስል ነውና አይጥመንም ያለ አልሰማሁም።

ሁለተኛው «ዩቲዩብ አለላቸው» ይላል። ይህ ሠርግ ለተነፈገ ሰው የሠርግ ፎቶ እንደ መስጠት ነው። ስልክ ላይ አጎንብሶ ብቻን ማየትና ከጎረቤት ጋር አብሮ ማጨብጨብ አንድ አይደሉም። እስክስታ ፊት ለፊት የሚመልስ ትከሻ ይፈልጋል። አባት ወጣትነቱን ያሳለፈበትን ዜማ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ከጠፋ፣ ዜማው ከአባትየው ጋር ያልፋል።

ሦስተኛው ክርክር ቁም ነገር አለው። «የከተማ ባንድ በሸራ ሲመጣ የአካባቢው ማሲንቆ መቺ ይረሳል» ይላሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አዳራሹን መዝጋት አይደለም። ሸራው ከመብራቱ በፊት የመጀመሪያው ሰዓት ለአገሬው ባለማሲንቆና ለፎካሪው ይሰጥ፤ ከመግቢያው ገቢም ድርሻ ይኑራቸው። ጓሳን ያህል ሣር ምድር በአባቶቹ ደንብ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ፣ ማሲንቆውን መጠበቅ አያቅተውም።

የገንዘቡ ነገርስ? የቅጂና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ባለሙያው ከሥራው እንዲጠቀም ነው። ያም ሆኖ ካሴቱም ሲዲውም በኮፒ ተቸበቸበ፤ ባለሙያው ባዶ እጁን ቀረ። በሸራ ለሚታይ ኮንሰርት ግን በር ላይ ትኬት ይቆረጣል፤ የገባው ሰው ይቆጠራል። ዘፋኙም ባንዱም የድርሻቸውን ማግኘት ይችላሉ። አዳራሽ እንደሆነ በየወረዳው አለ፤ ለስብሰባ ሲሆን ይከፈታል፤ ለሙዚቃም ቢከፈት ግድግዳው አይፈርስም።

እንግዲህ ቀጣዩን ትልቅ ኮንሰርት የምታዘጋጁ ሆይ! ከድምፅ ማጉያው፣ ከመብራቱና ከስፖንሰሩ ውል ጋር አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ መሐል ሜዳ ብላችሁ ጻፉ። የማህሙድ ስንብት አንድ ጊዜ ነበር፤ አለፈ። ሌሎቹ አንጋፋዎች መድረክ ላይ ሳሉ ግን ባናውን ደርቦ ለሚጠብቀው የመንዝ አድናቂም ወንበር ይያዝለት። ትኬቱን በገንዘቡ ይቆርጣል።