በረዶው ምን አጠፋ?

ከባሕር ማዶ የሚጻፍልንን የሚከታተል አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ወገናችን ብዕር ባነሳ ቁጥር በረዶን ሳይረግም አያስቀምጥም። በግጥሙ በረዶ ከፈን ነው፤ በአጭር ልቦለዱ እስር ቤት ነው፤ ለእናቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ደግሞ የስደት ሁለተኛ ስም ነው። አንዱን ያነበበ ሁሉንም አነበበ። ይህ ጸሐፊ በዚያች ከተማ ከርሟል፤ በጓንቱ ቀዳዳ ጣቱን ለብርድ አስበልቷል፤ ስለዚህ ብርዱን አያስተባብልም። ጠቡ ከእርግማኑ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ማመካኛ «በረዶ ለእኛ ባዕድ ነው» የሚለው ነው። እርግጥ አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስንል የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የገበሬውን ቡቃያ የሚያራግፈውን፣ ወርዶ ሳይቆይ ውሃ የሚሆነውን ጠጠር ነው። የዋሽንግተኑ ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሲወርድ ያድርና ጠዋት መስኮት ሲከፈት መኪናው፣ አጥሩ፣ የቆሻሻ በርሜሉ ሁሉ ነጭ ጉብታ ሆኖ ይገኛል። ለሁለቱ አንድ ስም የሰጠነው እኛ ነን እንጂ ግእዝ «በረድ» እና «ሐመዳ» ብሎ ለይቷቸዋል። አማርኛም «አመዳይ» የሚል ቃል አለው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ አውጥቶ መንገድ ላይ የሚናገረው ጠፋ እንጂ። ከዚያም አልፎ፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሕፈት አለ። ንጉሡ ስሜን ድረስ መዝመቱን ሲያወራ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ እንደነበር ይነግረናል። ልብ በሉ፤ ያ ንጉሥ በረዶውን የጠቀሰው ሊያለቅስ አይደለም። አልፌው ሄድኩ ሊል ነው።

ሁለተኛው ማመካኛ «ሳይታሰብ መጣብን» የሚል ነው። መቼም ሳይታሰብ መምጣቱ እውነት ነው፤ ግን በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2000 የአየር ትንበያ ባለሙያዎቹ ከነኮምፒዩተራቸው ማዕበሉ በአትላንቲክ ላይ አልፎ ይሄዳል ብለው ከተማውን አስተኙት። በ25ኛው ቀን ጠዋት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ዋሉ። ከዚያ በፊትም የ1979ኙ አለ፤ እኔ የምወደው ይኼኛውን ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የእህል ዋጋ መውደቅ ያንገበገባቸው የአሜሪካ ገበሬዎች ትራክተራቸውን እየነዱ ዋሽንግተን ገቡ። መንገድ ዘጉ፤ ቢሮ ገቢውን አስረፈዱ፤ ከተሜው ረገማቸው። ፖሊስ ትራክተሮቹን ብሔራዊው አደባባይ ሣር ላይ አጎራቸው። ከዚያ ከ18 እስከ 19 ባለው ሌሊት፣ ማንም ያን ያህል ይሆናል ሳይል፣ 47 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወረደ። ትናንት መንገድ ዘጉ የተባሉት ትራክተሮች መንገድ ከፋች ሆኑ። የተቀበሩ መኪናዎችን ጎተቱ፤ ሐኪሞችንና ነርሶችን ሆስፒታል አደረሱ። ከተሜውስ? የረገመበትን አፍ ምን እንዳደረገው እንጃ።

ደስታውንም እናንሳ። በ2009 ዲሴምበር፣ በ19ኛው ቀን፣ 14ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት በሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ሕዝብ ወጥቶ በበረዶ ድብልብል ይወራወር ጀመር። መኪናውን የመቱበት ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ሽጉጥ መዝዞ ወረደ። ሽጉጥ ያየ ሕዝብ ይበተናል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል፤ እነዚያ ግን ጮኹበት፣ አሾፉበት። ቦታው እኮ እኛ ሽሮና ቡና ከምንሸጥበት ከ9ኛው ጎዳና በእግር የሚደረስበት ነው። በ2010 ፌብሩዋሪ ዱፖንት አደባባይ ላይ ለዚሁ ጨዋታ የወጣው በሺሕ የሚቆጠር ነበር። ያኔ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ደለስ ላይ የተለካው በረዶ 82 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። በ2015 ማርች ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውንና መንሸራተቻቸውን ይዘው የኮንግረሱ ሕንፃ የቆመበትን ኮረብታ ወረሩት። ከ2001 ጥቃት በኋላ እዚያ መንሸራተት ክልክል ነበር። ፖሊስ ቆሞ አየ፤ ልጆቹ ተንሸራተቱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኮንግረሱ ራሱ ክልከላው እንዲነሳ አደረገ። በሕፃናት መንሸራተቻ የተሻረ ክልከላ!

የእኛ ሰው የት ነበር? መስኮት ጋ።

እዚህ ላይ ግን መፍረድ ከመጀመራችን በፊት ለምን መስኮት ጋ ቀረ ብለን እንጠይቅ። ብርድ ስለፈራ ነው የሚለውን አልቀበልም። ደጋ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም። ምክንያቱን በገዛ እግሬ አግኝቼዋለሁ።

በጃንዋሪ 2016 ዓርብ ከቀትር በኋላ የጀመረው በረዶ ቅዳሜ ሌሊት አባራ። የምድር ውስጥ ባቡሩና አውቶቡሱ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። እሑድ ንጋት ላይ ተቆጣጣሪው ደወለ። «አስፈላጊ ሠራተኛ ነህ» አለኝ። በሰዓት ሒሳብ ሲከፈለኝ አስፈላጊ መሆኔን ነግሮኝ አያውቅም። ከእኔ ጋር የሚሠሩና አንድ ቤት የምንጋራ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ከስልሳ ያለፉ። ሁለታችን በጆርጂያ አቬኑ ቁልቁል በእግር ተያያዝነው።

ያን መንገድ ልንገራችሁ። ፀሐይ ወጥታለች። የአስፋልቱ መሐል የእኛ ሆኗል፤ መኪና የለም፣ ጥሩምባ የለም። አዲስ በረዶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ድምፅ ይውጣል ይባላል፤ የጫማችንን ጭርጭርታ ብቻ እንሰማለን። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ስንደርስ እግሬ ከድቶኝ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ጋሼ ሊያነሱኝ ጎንበስ ሲሉ እርሳቸውም ሄዱ። ተጋድመን ሳቅን።

«ጋሼ፣ እንመለስ እንዴ?» አልኳቸው።

«ተው አንተ ልጅ፤ እንዲህ ያለ መንገድ መቼ ሰጥተውን ያውቃሉ!» አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደን ደረስን። ማቆሚያው ውስጥ አሥር መኪና እንኳ አልነበረም። በሳምንቱ መጨረሻ ደመወዛችንን ስናይ የዘገየንበት ሰዓት ተቆርጧል። ሰኞና ማክሰኞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ሠራተኞቻቸው ቤታቸው ሆነው ደመወዛቸው አልጎደለም። ደግ ነው፣ እኔ አልመቀኛቸውም። እንዲህ ያለውን ቀን ለአንዱ በዓል፣ ለሌላው ዕዳ ያደረገው ግን ከደመና የወረደው ነገር ነውን? በረዶው በሁላችንም ላይ እኩል ነው የወረደው። የተቆጣጣሪው ብዕር ነው ያበላለጠን። ገጣሚያችን ታዲያ ስለ ተቆጣጣሪው አንድ ስንኝ ሳይጽፍ በረዶውን ይረግማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ደግሞ ተቆጣጣሪው ሁልጊዜ ፈረንጅ አይደለም። ይህን ስል የሚቀየመኝ ይኖራል፤ ይቀየም። አስተናጋጇን «ደንበኛ ከመጣ እንዴት ይሆናል» ብሎ በዚያ በረዶ የሚያስመጣት፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ባዶ እጇን የሚሸኛት የራሳችን ባለ ምግብ ቤትም አለ። እርሱው ነው ማታ ተሰብስበን ስለ ስደት መራራነት ሲወራ አንገቱን የሚነቀንቀው። በራፉ ላይ ያለውን በረዶ እንኳ አያስጠርግም። የዲሲ ሕግ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ባለ ንብረቱ የእግረኛ መንገዱን እንዲጠርግ ያዛል፤ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ብቻ ነው ከቅጣት ነፃ። ያልተጠረገው በረዶ ማታ ወደ መስተዋትነት ይለወጥና በማግሥቱ የሰው ዳሌ ይሰብራል። ያኔም «በረዶ ሰበራት» ይባላል።

በረዶ አይገድልም አላልኩም። 18ኛው ጎዳና ላይ ክትፎውን በልቶ ወደ ኮሎምቢያ ሮድ የሚወጣ ወገኔ የሚያልፍበትን ማዕዘን ቢያውቀው ኖሮ ቆም ይል ነበር። በጃንዋሪ 28 ቀን 1922 እዚያ ኒከርቦከር የሚባል ሲኒማ ቤት ነበረ። 71 ሴንቲ ሜትር በረዶ የተከመረበት ጠፍጣፋ ጣሪያ በተመልካቹ ላይ ወርዶ 98 ሰው ገደለ። በተለመደው ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ እንግዲህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ሸክም በአካፋ የሚዝቅ ሰው ልቡን ማድመጥ አለበት፤ ጥቂት ጥቂት እያፈሰ፣ እያረፈ፣ ከመቆለሉ በፊት። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ የሚሞቅም አስቀድሞ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከበረዶ ያጽዳ፤ ያለዚያ ተኝቶ ይቀራል። ይህን የሚነግረን ግጥም አላየሁም። ሙሾው በዝቶ ምክሩ ጠፋ።

ጋሼ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራውን ተዉ። እስከዚያ ድረስ በረዶ በወረደ ቁጥር በንጋት ተነስተው፣ ከእኛ በር ጀምረው ማንም ሳያዛቸው እስከ ሦስተኛው ቤት ይጠርጉ ነበር። ሦስተኛው ቤት ያሉት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ትኩስ ነገር ይዘው ይወጣሉ፤ ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ ግማሽ ሰዓት ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ያን እሑድ ከሥራ ስንመለስ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ያነሳኋት ሰፊ የላስቲክ ትሪ አለችኝ። ከኮንግረሱ ኮረብታ ላይ ሦስት ጊዜ ተንሸራትቼባታለሁ። ባለ ምግብ ቤቱ ይህን ካነበበ ትሪዋ እኔ ዘንድ ናት፤ የእንጀራ ሳይሆን የበረዶ ሆናለች።